አርባ ስድስት ትንፋሽ

«አርባ አራት፣ አርባ አምስት፣ አርባ ስድስት።»

ጸደንያ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ቆጥራ ጨረሰች። በእጇ የያዘችው ስልክ ደቂቃው መሙላቱን ነዝሮ ነገራት። እሷ መቁጠሯን ብታቆምም የዳማው ፈረስ ሽንጥ ግን አላቆመም፤ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፣ መልሶ ይነፋል። የአፍንጫው ቀዳዳዎች ውስጣቸው እስኪታይ ተከፍተዋል። ላቡ በደረቱ ወርዶ በፊት እግሮቹ መካከል ነጭ አረፋ ሠርቷል።

«ስንት ሆነ?» አለች ወይንእሸት፣ ልጓሙን እንደያዘች።

ጸደንያ ስልኩን ኪሷ ከተተች። ደንቡን ሁለቱም ያውቁታል። ወንዙ ዳር ሩብ ሰዓት ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከሠላሳ ጊዜ በላይ ከተነፈሰ እዚያው ይቀራል። ሞጣ የሚያስገባውን የመጨረሻውን ዳገት አይወጣም።

ደንቡ የአባቷ ነው። ከአባቷም በፊት የአያቷ ነበር። የቢቸና ፈረሰኞች በየዓመቱ ለሚያዝያ ሃያ ሦስት ንግሥ ሞጣ ጊዮርጊስን ለመሳለም ሲሄዱ መንገዱን ለሁለት ቀን ከፍለው፣ ደብረ ወርቅ አድረው ነበር የሚገቡት። ማንም ማንንም አይቀድምም። ሞጣ ሲደርሱ የሚመሰገነው ፈረሱን ሳያዝል ያስገባ ሰው ነው። ያንን የሚለዩት፣ ከዳገቱ በታች ያለው ወንዝ ላይ ቆመው የእያንዳንዱን ፈረስ ደረት በመዳፋቸው የሚያዳምጡት፣ ትንፋሹን የሚቆጥሩት አባቷ አቶ ከፋለ ናቸው። ድሮ ስልክ ሳይኖር ደቂቃውን በአንድ ጸሎት ርዝመት ነበር የሚለኩት ይባላል። ጸደንያ ስምንተኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ አብራቸው እየሄደች መቁጠር ተምራለች።

ከሁለት ዓመት በፊት «ግስጋሴ» የተባለ የብቅል መጠጥ ፋብሪካ ስፖንሰር ልሁን ብሎ መጣ። በመጀመሪያው ዓመት ኮፍያና ለስላሳ አደለ። በሁለተኛው ዓመት መንገዱን በባነር ሞላው። ዘንድሮ ግን ጉዞው ውድድር ሆነ፤ በአንድ ቀን የሚያልቅ፣ ቀድሞ ለገባ አዲስ ባጃጅ የሚያሸልም፣ በቴሌቪዥን በቀጥታ የሚተላለፍ። ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ነበር፤ ውሸት አይደለም። አምና አሥራ ሰባት የነበረው ፈረስ ዘንድሮ አርባ ሦስት ሆነ። ፈረስ መጋለብ የፋራ ነው ሲሉ የነበሩ ልጆች ኮርቻ መጠገን ጀመሩ።

ሌላም ነገር ነበር። ሴት ልጅ እንድትጋልብ የጠየቀው ፋብሪካው ነው። ሽማግሌዎቹ በመቶ ዓመትም አይፈቅዱም ነበር። በቢቸና መናኸሪያ በር ላይ የተሰቀለው ትልቅ ፖስተር ላይ፣ ዳማው ላይ ተቀምጣ የምትስቀው ወይንእሸት ናት። ከሥሯ በቀይ ፊደል «ገስግሺ» ይላል። ሁለቱ የሚማሩበት ዘጠነኛ ቢ ክፍል በሙሉ ያንን ፖስተር ሄዶ አይቶታል። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከአባቷ ከአቶ ፈንታዬ ተደብቃ ፈረሳቸውን ስትጋልብ የነበረችው ልጅ አሁን የአደባባይ ሰው ሆነች፤ ያን ቀን ከጸደንያ በላይ የተደሰተ ሰው አልነበረም።

አቶ ከፋለ ሁሉንም ነገር ተሸንፈው አንድ ነገር ብቻ አስቀርተው ነበር፤ የወንዙን ዳር እረፍት። ፋብሪካው ግማሽ ሰዓት ፈቀደ። አርባ ሦስት ፈረስ ግን በአንድ ጊዜ እያለከለከ ሲደርስ ግማሽ ሰዓቱ ለምንም እንደማይበቃ ታየ። አባቷ ግራና ቀኝ ተመለከቱና፣ «አንቺ ያንን ረድፍ ያዢ። ቁጥሩን እየጠራሽ ንገሪኝ» አሏት። እንዲህ አድርገው አያውቁም ነበር።

«ጸዲ፣ ስንት ነው?» አለች ወይንእሸት ደግማ።

«ብዙ ነው።»

«ብዙ ማለት?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት የፋብሪካው የማስታወቂያ ሠራተኛ እዮብ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። የሁሉንም ስም ያውቃል፤ ውሃ ያላገኘ ካለ ራሱ ይዞ ይሮጣል። አሁን ግን ፊቱ ላይ ጭንቀት ይነበባል፤ ጆሮው ላይ በሰካው ነገር ሌላ ሰው እያወራው ነው።

«የኛ ልጅ እንዴት ናት? አለቀላችሁ?»

«ትንፋሹ አልረጋም» አለች ጸደንያ።

«እ…» ሰዓቱን አየ። «ላይቩ ሊጀምር ነው። እኔ በሥራችሁ አልገባም፤ ግን ያው ታውቂያለሽ፣ ፖስተሩ ላይ ያለችው እሷ ናት። ሰው የሚጠብቀው እሷን ነው። ዳገት ላይ ሳትታይ ብትቀር ሼም ነው።» አንድ ቀዝቃዛ ጠርሙስ በእጇ አስጨብጧት ሄደ።

በሚቀጥለው ረድፍ ፈረሱ ያለፈለት ስጦታው የሚባል ጋላቢ ጓደኛውን በክርኑ ነካ አደረገው። «ብዬህ አልነበር? ሴት ልጅ እስከ ወንዝ ነው» አለ፤ እንዲሰሙት ጮክ ብሎ። ሌሎቹ ሳቁ።

ወይንእሸት አልዞረችባቸውም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ጸዲዬ፣ በናትሽ» አለች በሹክሹክታ። «ማሸነፍ አልፈልግም። ዳገቱን ቀስ ብዬ ነው የምወጣው። መግባት ብቻ ነው የምፈልገው።»

ከወዲያኛው ረድፍ የአባቷ ድምፅ መጣ። «ጸደንያ፣ የፈንታዬ ዳማ ስንት ነው?»

ጸደንያ ፈረሱን አየችው። ከኮርቻው ላይ የተደረበው ግላስ ዘንድሮ ፋብሪካው ያደለው ነው፤ አብረቅራቂ፣ ከባነር ጨርቅ የተሰፋ፣ አየር የማያስገባ። ከዳሩ ላቡ ይንጠባጠባል።

«ሃያ ስምንት» አለች።

አባቷ ቀና ብለው እንኳን ሳያዩ እጃቸውን አነሱ። ማለፍ ማለት ነው።

*

ዳማው ዳገቱን ሊጨርስ ሲል፣ የሞጣ ቆርቆሮ ጣሪያዎች በሚታዩበት ጠመዝማዛ ላይ ወደቀ።

ጸደንያና አባቷ ከኋላ በፒካፕ ነበር የሚመጡት። ሰው መንገዱ ዳር ተሰብስቦ አዩ። አቶ ከፋለ መኪናው ሳይቆም ወረዱ። ወይንእሸት መሬት ላይ ተቀምጣ የፈረሱን ራስ ታቅፋለች፤ ቀዩ የፋብሪካው ቲሸርት በአቧራ ነጥቷል። አታለቅስም። «ተነስ፣ ተነስ» ትላለች፣ ሕፃን እንደሚቀሰቅስ ሰው በለሆሳስ።

ሁለት የፋብሪካው ወጣቶች ደግሞ ከፈረሱ ጀርባ ተንበርክከው የግላሱን ማሰሪያ በቢላ እየቆረጡ ነበር። «ቶሎ በል፣ ካሜራው ተመልሶ ሳይመጣ» አለ አንደኛው። ጨርቁን ከሥሩ ስበው አወጡት፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ እንዲሆን አድርገው ጠቀለሉትና መኪናቸው ላይ ጣሉት። ጨርቁ የነበረበት የፈረሱ ጀርባ ከወንዝ የወጣ ይመስል ውሃ ሆኗል።

አቶ ከፋለ መዳፋቸውን ከግራ የፊት እግሩ ኋላ፣ ደረቱ ላይ አሳረፉ። ረጅም ጊዜ አቆዩት። ከዚያ እጃቸውን አንስተው ጋቢያቸውን አወለቁና የዳማውን ፊት ሸፈኑት።

የወይንእሸት አባት አቶ ፈንታዬ ልጃቸው ስትገባ ለማየት ሞጣ ላይ ቆመው ሲጠብቁ ነበር። ወሬው ደርሷቸው ቁልቁል በእግራቸው መጡ። ዳማውን ከእናቱ ሥር አንስተው፣ እናቱ ስትሞት የላም ወተት እያጠጡ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ቆመው አዩት። ልጃቸውን አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው አንዱን ጆሮውን ያዙት፤ ሊቀዘቅዝ ሲጀምር ያውቁት ይመስል በጣቶቻቸው መካከል አሹት።

«ከፋለ» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «ወንዙ ላይ አይተኸው ነበር?»

ጸደንያ ከአባቷ ጀርባ ቆማለች። አባቷ ዞረው እንዲያዩአት ጠበቀች። አልዞሩም።

«አሳልፌው ነበር» አሉ።

«እንግዲያው ቀኑ ደርሶ ነው። አንተ ያሳለፍከው ፈረስ ሌላ ምን ሊያገኘው ይችላል» አሉ አቶ ፈንታዬ።

ከከተማው በኩል በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ይሰማል። አንድ ሰው የባጃጁን አሸናፊ ስም እየደጋገመ ይጠራል።

*

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት አቶ ከፋለ ቤት ውስጥ እንደ ወትሮው ይበላሉ፣ ይጸልያሉ፣ ወደ እርሻቸው ይሄዳሉ። ስለ ዳማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያወሩት። እናቷ «ሰው ምን ይላል?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ «ረድፍ ተከፍሎ መቁጠር የለም ነበር። የቸኮልኩት እኔ ነኝ» አሉ። ጸደንያ ድንች እየላጠች ነበር። ስንት ነበር የቆጠርሽው ብለው ይጠይቁኛል ብላ መላጧን አቆመች። አልጠየቋትም። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን አልጠየቋትም። ቢጠይቋት ትነግራቸው ነበር፤ እንዲያ ነበር ለራሷ የምትለው።

ወይንእሸት ትምህርት ቤት አልመጣችም። ረቡዕ ዕለት ጸደንያ በመናኸሪያው ስታልፍ ፖስተሩ ተቀይሯል። በወይንእሸት ቦታ ባጃጁን ያሸነፈው ጎልማሳ ቁልፍ ይዞ ይስቃል። ከሥሩ «ገስግስ» ይላል፤ አንድ ፊደል ብቻ ነው የተለወጠው።

ሐሙስ ከፋብሪካው ለፈረሰኞች ማኅበር ደብዳቤ መጣ። ክፍል ውስጥ የአንዱ ልጅ አባት የማኅበሩ ጸሐፊ ስለሆኑ ደብዳቤው በስልክ ፎቶ ተነስቶ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ጸደንያም አነበበችው። የደረሰው አሳዛኝ አደጋ «በባህላዊ መርማሪው ስህተት» እንደሆነ ይገልጻል። ስለዚህ ከመጪው ዓመት ጀምሮ የወንዙ ዳር ፍተሻ ቀርቶ ውድድሩ ያለ ማቋረጥ እንዲካሄድ ፋብሪካው ይጠይቃል፤ ይህ ለቀጥታ ስርጭቱም ይመቻል። በእሑዱ የማኅበሩ ስብሰባ ውሳኔ እንዲሰጥበት በአክብሮት ያሳስባል።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። «መርማሪው» የሚለው ቃል ላይ በደረሰች ቁጥር ዓይኗን ከስልኩ ታነሳ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይንእሸት ዘንድ ሄደች። ከቤታቸው ጀርባ፣ ባዶው ጋጣ አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት። ገለባው አልተነካም። ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«መጀመሪያ ላይ ቀስ ብዬ ነበር የምሄደው። እውነቴን ነው» አለች ወይንእሸት ሳትጠየቅ። «ከዚያ የቴሌቪዥኑ መኪና መጥቶ በጎኔ ተጠጋ። ሰዉ ሁሉ ገስግሺ፣ ገስግሺ ይላል። ካሜራ የያዘው ሰውዬ በእጁ ቶሎ በይ አለኝ። እኔም…» ተረከዟን በመሬቱ ላይ መታች። «ሁለት ጊዜ ነው የመታሁት። ሁለት ጊዜ ብቻ።»

ጸደንያ ያልተነካውን ገለባ አየች።

«ትንፋሹ ስንት ነበር? ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ሦስት እንደሆነ ገምቼ ነበር።»

«አርባ ስድስት።»

ወይንእሸት ዞራ አየቻት። «አርባ ስድስት? ሃያ ስምንት ነው እኮ ያልሽው።»

«አንቺ ስትለምኚኝ…»

«ለመንኩሽ። ቁጥሩን ግን አልነገርሽኝም።»

«ብነግርሽ ትወርጂ ነበር?»

ወይንእሸት ፊቷን ወደ ጋጣው መለሰች። ከጎረቤት ግቢ የሚፈለጥ እንጨት ድምፅ ይሰማል። «አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «እሱን እንኳን እንዳላውቅ ነው ያደረግሽኝ።»

ጸደንያ እጇን ልትይዛት ፈለገች። ወይንእሸት ግን ሁለቱንም እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል ከታለች።

«አባቴ ቀኑ ደርሶ ነው እያለ ነው የሚጽናናው» አለች። «እሱንም ውሰጂበት እንግዲህ።»

ጸደንያ ከመቀመጫዋ ተነስታ ልብሷን አራገፈች። ስትወጣ ማንም «ደህና ዋይ» አላላትም።

*

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ከፋለ ወደ ስብሰባው ሊሄዱ ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ተነሱ። ጸደንያ አብራቸው ወጣች። ለምን እንደመጣች አልጠየቋትም። የታጨደ ማሳ እያቋረጡ፣ እሳቸው ቀድመው እሷ ተከትላ ሄዱ። ከኋላ ስታያቸው ትከሻቸው ጠበብ ብሎ ታያት፤ ወይም ጋቢው ሌላ ስለሆነ ይሆናል። ያኛው ከዳማው ጋር ተቀብሯል።

«አባባ፣ ምን ሊሏቸው ነው?»

«ልውረድ እላቸዋለሁ። አርጅቻለሁ፣ ሌላ ሰው ምረጡ እላለሁ። በቃ።»

ሃያ እርምጃ ያህል ሄደች። ከዚያ ቆመች።

«አርባ ስድስት ነበር» አለች።

አባቷም ቆሙ። ፊታቸውን ግን ወዲያው አላዞሩም።

«የጋሼ ፈንታዬ ዳማ። አርባ ስድስት ነው የቆጠርኩት። አልተሳሳትኩም፣ አልተምታታብኝም። አውቄ ነው ሃያ ስምንት ያልኩዎ።» ለምን እንዳደረገችው ልትናገር ፈልጋ ነበር፤ ስለ ልጆቹ ሳቅ፣ ስለ ፖስተሩ፣ ስለ ወይንእሸት ዓይን። ሁሉም እውነት ነበር። ነገር ግን ጉሮሮዋ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ትንሽ ሆኑባትና ተወቻቸው።

አቶ ከፋለ የማሳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «አርባ ስድስት» አሉ ቀስ ብለው፣ ራሳቸው እየቆጠሩ ያሉ ይመስል። ፊታቸው ላይ ቁጣ ጠብቃ ነበር። ያየችው ግን ድካም ነው።

«ስንት ነበር ብዬ ያልጠየቅኩሽ ፈርቼ ነው» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ፈረስ ከለከልኩ። የወንድሜንም አስቀርቼ አውቃለሁ፤ ሁለት ዓመት አላናገረኝም። የልጄን አፍ መጠየቅ ግን አቃተኝ።»

«ስብሰባው ላይ ልናገር። ሰው ሁሉ ባለበት እነግራቸዋለሁ። እርስዎ አይውረዱ።»

አባቷ ቀና ብለው አዩአት። «ስብሰባው ፈረስ አልሞተበትም» አሉ።

ጸደንያ ገባት። የአቶ ፈንታዬ ቤት ከማሳው ባሻገር፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ይታያል። ስብሰባ አልመጡም፤ ፈረስ የሌለው ሰው የፈረሰኛ ስብሰባ ምን ይሠራለታል ብለው ቀርተዋል ተብሏል።

«አሁን?» አለች።

«እኔ አላዝሽም።»

ነፋሱ የገለባ ብናኝ እያነሳ አለፈ። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የሚሰበሰቡት ሰዎች ድምፅ ይመጣል።

«እርስዎስ ምን ይሏቸዋል?»

አቶ ከፋለ በጉልበታቸው ተደግፈው ተነሱ። «በእጄ ያልነካሁትን ፈረስ አሳልፌያለሁ እላቸዋለሁ። እሱ የኔ ነው፤ ካንቺ ጋር አይያያዝም። እኔን ይለውጡኝ። ወንዙን ግን ሳትቆሙ አትለፉት እላቸዋለሁ። ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም።» ወደ ባሕር ዛፎቹ አዩ። «ልሸኝሽ እንዴ?»

ልቧ አዎ አለ። «አይ» አለች። «ይረፍድብዎታል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊሄዱ ሲሉ ተመልሰው የነጠላዋን ጫፍ ትከሻዋ ላይ አስተካከሉላትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ጸደንያ ማሳውን አቋርጣ ወረደች። አንድ ጊዜ ቆማ ወደ ኋላ አየች፤ የአባቷ ነጭ ልብስ ከሌሎቹ ነጭ ልብሶች ጋር ሊቀላቀል ተቃርቧል። አሁንም ብትሮጥ ትደርስባቸዋለች። አልሮጠችም።

የአቶ ፈንታዬ አጥር በር ገርበብ ብሏል። «ቤቶች» አለች። ድምፅዋ ስላልወጣ ደግማ ጠራች።

ወጥታ የከፈተችው ወይንእሸት ናት። ጸደንያን አየቻት፤ ከላይ እስከ ታች አየቻትና ለምን እንደመጣች አወቀች። በሩን ይዛ ቆመች። ጸደንያ ልለፍ ብላ አልጠየቀችም፤ ተመልሳም አልሄደችም። ከውስጥ «ማነው?» የሚል ድምፅ መጣ።

ወይንእሸት መሬት መሬቱን እያየች ከበሩ ገለል አለች።

አቶ ፈንታዬ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጸደንያን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ። «የከፋለ ልጅ፤ ግቢ ልጄ፣ ነይ ተቀመጪ» ብለው ጠጋ አሉና ቦታ ለቀቁላት።

«ቆሜ ይሻለኛል፣ ጋሼ» አለች ጸደንያ። «ስለ ዳማው ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»